የመቶ ግራም ውሸትና የዋጃ ማሽላ

ከቆቦ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚሄድ መንገደኛ ዋጃን ሲያልፍ፣ ዘመኑ የሰመረ እንደ ሆነ፣ በግራና በቀኝ የሚያየው ሜዳ ሁሉ ማሽላ ነው። የዚህ አገር ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል፤ ሰማይ የነሣውን ከተራራ ይቀበላል። ዝናቡም ጎርፉም የቀሩ እንደ ሆነ ግን ምን እንደሚመጣ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የወረደውን ረሀብ የሚያስታውስ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በዋጃ አንድ ዘር መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ የሚወሰንበት ነው።

ገበሬው አዲስ የማሽላ ዘር ሲመጣለት «ስንት ይሰጣል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ የሚገኘው ከምርምር ማሳ ነው። በሰሜን ወሎ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በቆቦ ሜዳም ሙከራ ያካሂዳል። በሙከራው ማሳ ላይ እያንዳንዱ ዘር በትንንሽ መደብ ይዘራል፤ ሲደርስም ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተመዝኖ ቁጥሩ በመዝገብ ይሠፍራል። ይህ ቁጥር ተባዝቶ «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» ይባላል።

እስቲ ሒሳቡን ከአንባቢያችን ጋር እናስላው። የማሽላ መሥመር ከመሥመር 75 ሳንቲ ሜትር ይራራቃል። ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ባለ ሦስት መሥመር መደብ ብንወስድ ስፋቱ 11.25 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና የመደቡ ምርት 889 ጊዜ ያህል ይባዛል ማለት ነው። እንግዲህ መዝጋቢው በየመደቡ መቶ ግራም ብቻ ቢጨምር በሄክታር 89 ኪሎ ያህል፣ አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው እህል፣ በወረቀት ላይ በቀለ። አንድ ኪሎ ቢጨምርማ ወደ ዘጠኝ ኩንታል ይጠጋል። ይህን እህል ማንም አላጨደውም፤ ማንም አይበላውም። የዋጃ ገበሬ ግን ቁጥሩን አምኖ፣ የአባቱን ዘር ትቶ ሊዘራ ይችላል።

እኛም በዚህ ረገድ እጃችን ንጹሕ ነው ብለን አንመጻደቅም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ አልቆየንም። በተማሪነታችን ዘመን የተክል ቁመት እንድንለካ ወደ ማሳ ተልከን ሳለ ዝናብ ያዘን። የቀሩትን ሦስት መደቦች ከዳስ ሥር ተቀምጠን፣ ከቀደሙት ቁጥሮች ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያደረግን ሞላናቸው። «ዝናብ ያዘን፤ አልለካንም» ብለን ብንጽፍ ማርክ ይቀነስብናል ብለን ፈራን። መምህራችን መዝገባችንን አይተው አመሰገኑን። ያን ጊዜ ስቀን አለፍነው፤ ዛሬ ግን ትዝ ባለን ቁጥር ያፍረናል።

እውነተኛ ቁጥር ምን እንደሚሠራ በዚሁ በማሽላ ታይቷል። አቀንጭራ የሚባለው አረም ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ የሚጠባ ጠላት ነው። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ዘር ትረጫለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዓመታት ደክመው ይህን አረም የሚቋቋም ማሽላ አወጡ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዓይነቶችም ከዚሁ ሥራ ተገኝተው ለአገራችን ገበሬ ተሰጥተዋል። እንዲህ ባለው ሥራ ቁጥር ማሳመር አይጠቅምም፤ አቀንጭራ በወረቀት አይታለልምና።

ቁጥር ማሳመር የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሥር በ1992 የምርምር ሐቀኝነት ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ የጤና ምርምር ላይ የሚፈጸመውን ማታለል ሲከታተል ቆይቷል። ከክስ ትምህርት ይቀድማል በማለትም ስለ ምርምር ሐቀኝነት ጉባኤና ዐውደ ጥናት ለሚያዘጋጁ የገንዘብ ርዳታ ሲሰጥ ኖሯል። በ2000 የወጣው የዚያ አገር ደንብ ጥፋቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ ይኸውም ያልተገኘ ውጤት መፍጠር፣ የተገኘውን ማጣመም፣ የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። በቅን ልቡና የተፈጸመ ስሕተት ግን ከጥፋት አይቈጠርም። ዓለም አቀፉም ጉባኤ በ2007 በሊዝበን ተጀምሮ፣ በ2010 በሲንጋፖር የሐቀኝነትን መርሖ የሚዘረዝር መግለጫ አወጣ፤ በ2022ም ወደ አፍሪካ መጥቶ በኬፕ ታውን ተሰበሰበ።

በአገራችንም ቢሆን የጽሑፍ መመሪያ አልጠፋም፤ ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ በፈረንጆቹ 2014 ለአምስተኛ ጊዜ ታትሟል። ለመሆኑ ለጉባኤ የሚሰጠው ገንዘብ ምን ላይ ይውላል? አንዳንድ ተሰብሳቢ እናውቃለን፤ ጧት መጥቶ ይፈርማል፤ ላልመጣው ጓደኛውም ይፈርምለታል፤ ሻዩን ጠጥቶ፣ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል። ስለ ሐቀኝነት በተጠራ ጉባኤ ላልመጣ ሰው መፈረም፣ ያልተለካ መደብ ከመሙላት በምን ይለያል? ርዳታ ሰጪው የሚያየው የፊርማውን ብዛት ብቻ ከሆነ፣ እርሱም የተቀበለው ያልታጨደ እህል ነው።

ምን ይበጃል? የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ከሚገኘው ርዳታ ከፊሉ ወደ ማሳው ይውረድ። አንዱ ዐውደ ጥናት ከአዳራሽ ወጥቶ በአጨዳ ሰሞን በቆቦ ሜዳ ላይ ይደረግ። ከፕሮፌሰሩ ጋር ሚዛን የሚይዘው የቀን ሠራተኛ፣ መዝገብ የሚጽፈው ወጣት ቴክኒሽያን፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያና የዋጃ ገበሬም ይጠሩ። ትምህርቱ ረጅም ዲስኩር አያሻውም። ሚዛኑ በታወቀ ክብደት ይፈተሽ፤ መዝገቡ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ የተሳሳተው በአንድ ሰረዝ ተሰርዞ ይፈረምበት እንጂ አይፋቅ፤ ያልተለካው «አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ። ከሁሉ ይልቅ አለቃው ይህን ቃል ያነበበ ጊዜ ጸሐፊውን አይቈጣው፤ ያመስግነው። ለእኛ አንድ ሰው ይህን ቢነግረን ኖሮ ሦስቱ መደቦች ባዶ በቀሩ ነበር፤ ባዶነታቸውም እውነት በሆነ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል ያገራችን ሰው። የተሳሳተ ዘር የዘራ የዋጃ ገበሬ ግን እውነቱ እስኪጠራ ድረስ አንድ ክረምት ያልፍበታል፤ ልጆቹም በባዶ ጎተራ በጋውን ይጠብቃሉ። ስለ ሐቀኝነት ጉባኤ የምትጠሩም ሆነ ገንዘቡን የምትሰጡ ሁሉ፣ ከአዳራሹ በር ስትወጡ ያችን የመቶ ግራም ውሸት አስቧት።