ያረጀ ፕለጊን እንዴት ይታደሳል?

አንድን ሕግ ለማሻሻል ሕጉን በሙሉ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም፤ «አንቀጽ ይህን ያህል ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» የሚል አጭር አዋጅ ይበቃል። የስካይሪም ፕለጊንም እንዲሁ ነው። ቤተስዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው በዚህ ጌም ላይ ተጫዋቾች አዲስ ሰይፍ ወይም አዲስ ቤት ይጨምራሉ፤ ጭማሪው ሞድ ይባላል። የሞዱ ፕለጊን የሰይፉን ክብደትና የቤቱን ቦታ የመሳሰሉ መዝገቦችን የያዘ ፋይል ነው እንጂ የጌሙን ዋና ፋይል አይነካም። ሁለት ፕለጊኖች ሲጋጩ ኋላ የተጫነው ይጸናል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አዲሱ ቅጂ፣ ስፔሻል ኤዲሽን፣ ጌሙን ከ32 ወደ 64 ቢት አሸጋገረው። ከ4 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ መጠቀም ስለማይችል ሞድ ሲበዛበት ይዘጋ የነበረው ጌም ተንፈስ አለ። አሮጌዎቹ ፕለጊኖች ግን 43 የሚል የቅርጽ ቁጥር እንደያዙ ቀሩ፤ የአዲሱ 44 ነው። ቁጥሩን ብቻ መቀየር አያዋጣም፤ በጦር መሣሪያ መዝገብ ውስጥ የአንዳንድ መረጃ ርዝመት ጭምር ተለውጧልና። ስለዚህ ፕለጊኑን ክሪኤሽን ኪት በተባለው የሞድ መሥሪያ ፕሮግራም አዲስ ቅጂ ከፍቶ እንደገና ሴቭ ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ቀጥሎ ኤክስ-ኤዲት በተባለው የፕለጊን ማረሚያ ፕሮግራም ማጽዳት ይመጣል። ሞዱን የሠራው ሰው ሳያስበው የነካቸው፣ ከዋናው ጌም ጋር ቃል በቃል አንድ የሆኑ መዝገቦች ይገኛሉ። ጉዳት የሌላቸው ቢመስሉም፣ የቀድሞውን አንቀጽ እንዳለ እንደሚደግም አዋጅ፣ በመካከል የገባውን የሌላ ሞድ ማሻሻያ ይሽራሉ።

ፍጥነት የሚገኘው ግን በአብዛኛው ከስክሪፕቱ፣ ማለትም ሞዱ መቼ ምን እንደሚሠራ ከሚያዝዘው ኮድ፣ ነው። በየሴኮንዱ «ተጫዋቹ ደረሰ?» እያለ የሚጠይቅ ስክሪፕት ጌሙን ያደክማል፤ ተጫዋቹ በር ሲከፍት ወይም ቦታ ሲቀይር ብቻ እንዲነቃ አድርጎ መጻፍ ሸክሙን ያቀላል።

በመጨረሻ የቦታ ጉዳይ አለ። ጌሙ የሚቀበለው ሙሉ ፕለጊን 254 ነው፤ «ቀላል» የሚል ምልክት የተደረገባቸው ትንንሾቹ ግን እስከ 4096 ድረስ አንድ ቦታ ይጋራሉ። ለዚህ ሲባል የመዝገቦቹ መለያ ቁጥር እንደገና ይደለደላል። ድልድሉ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ የቆየ ሴቭ ሰይፉን የሚፈልገው በአሮጌው ቁጥሩ ነውና አያገኘውም።