ዘጠኝ ፊደል ያለው ቃል

ቅዳሜ ጠዋት ወደምሠራበት የልጆች መጻሕፍት ክፍል የሚመጣ ወላጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «የሚያስተምር መጽሐፍ አለ?» ይህችን «የሚያስተምር» የምትባል ቃል እፈራታለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጁን የሚቆጣ መጽሐፍ ፈልጉልኝ ማለት ትመስለኛለች።

በቀደም የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ አባትም ይህንኑ ጠየቁኝ። «ፊደሉንማ ለይቷል፤ 231ዱንም ሳይሳሳት ይወጣዋል። መጽሐፍ ስሰጠው ግን ያዛጋል» አሉ። ከቤት ያመጡት መጽሐፍ ወረቀቱም ሥዕሉም የሚያምር ነበር። «እስቲ አንብብልኝ» አልኩት ልጁን። በጣቱ እየተከተለ ደህና መጣና «ስላላመጣችላቸው» ላይ ቆመ። ስ፣ ላ፣ ላ… እንደምንም ተወጥቶት ቀና ሲል የዓረፍተ ነገሩ መነሻ ጠፍቶበታል።

ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚሠራ የጣት ዘዴ አለ፤ ልጁ ባላወቀው ቃል ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋል፣ በአንድ ገጽ አምስቱም ካለቁ መጽሐፉ ከብዶታል። ሥራ ስጀምር እኔም በዚሁ እመዝን ነበር። ለአማርኛ አልሆነኝም። ልጁ «ስላላመጣችላቸው»ን ያውቀዋል፤ ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ያቃተው ርዝመቱ ነው፤ ማን፣ ለእነማን፣ አለማምጣቷ፣ ምክንያት መሆኑም ጭምር በዘጠኝ ፊደል ታጭቋል። ስለዚህ አሁን ለጀማሪ ስመርጥ የቃሉን ቁመት ነው የማየው። በየመስመሩ እንዲህ ያለ ቃል ከተደረደረ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ መደርደሪያው እመልሰዋለሁ።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል ነው፤ «ዋና»ም እንዲሁ ሁለት ነው፤ ጽሕፈታችን ግን አይለየውም። አዋቂ ከአገባቡ ይለየዋል። ፊደል በመልቀም የተጠመደ ልጅ አገባቡን ከየት ያመጣዋል? ታሪኩን አስቀድሞ በጆሮው ሰምቶት ከሆነ ነው።

እናቱ የመከረችውን ቃል በቃል እየፈጸመ ጉድ የሚሠራውን የማሞን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። ነገሩ እየተደጋገመ ስለሚመጣ ልጁ ቀጥሎ ያለውን ቀድሞ ይጠብቀዋል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ፣ ይህንኑ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙት፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። አሜሪካ ላሉ የእህት ልጆች የሚላክ ሲጠይቁኝም በሁለት ቋንቋ የታተመውን አስቀድማለሁ፤ እዚያ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ ጆሮው ከዓይኑ ይቀድማል።

ለአባትየውም የማሞን ተረት ሰጠኋቸው። «መጀመሪያ ማታ ማታ ይንገሩት፤ መጽሐፉን ከዚያ በኋላ» አልኳቸው። ገለጥ ሲያደርጉት ሳቁ። «ይሄንንማ አያቴ ነበሩ የሚነግሩኝ!» ብለው እዚያው ቆመው ጀመሩት። የሚያዛጋው ልጅ መጽሐፉን ከእጃቸው ወስዶ ሥዕል በሥዕል ይከተላቸዋል።

«አባዬ፣ ቆይ! እዚህ ላይ እንደዚያ አይደለም!»