እንጨት እያነደዱ ስልክ መሙላት ያዋጣል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መብራት በጠፋ ቁጥር በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ስልክ ቻርጅ የምታደርገዋ የእንጨት ምድጃ እንዴት ናት?» የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝና ላስረዳ።

በብዛት የምትታወቀው የባዮላይት ካምፕስቶቭ ናት። ከጎኗ ካለው ብርቱካናማ ሳጥን የወጣ የብረት ዘንግ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ይግላል፤ ሌላውን ወገን ፋን ያቀዘቅዘዋል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የሁለቱ ወገን የሙቀት ልዩነት ነው። ጀርመናዊው ቶማስ ዜቤክ ነገሩን ያስተዋለው በ1821 እ.ኤ.አ. ነው። ፋኑ እሳቱንም ስለሚያራግብ ጭሱ ይቀንሳል፤ እፍ እፍ ማለት ቀረ! የደሴ ብርድ ቀዝቃዛውን ወገን ትንሽ ቢያግዘውም ስልካችሁ ላይ ለውጡ አይታይም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሁለተኛዋ ሞዴል የምትሰጠው 3 ዋት ነው። ባለ 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የስልክ ባትሪ ወደ 19 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ ከ6 ሰዓት በላይ ቁጭ ብሎ ጭራሮ መማገድ ነው። ለባለ ቁልፍ ስልክ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል።

ጦሳ ተራራ ላይ ለሚያድር ሰው እሺ። ለቤት ከሆነ እኔ ትንሽ የፀሐይ ፓኔል እመርጣለሁ፤ ፋን አላት ብላችሁም በር ዘግታችሁ እንዳታነዱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። እንጀራ አትጋግርም፤ ጀበና ግን ታፈላለች።