ሕጉን የቀደመው ወሬ

በሜልበርን በየቤቱ እየዞርኩ የማይድኑ ሕሙማንን የማስታምም ነርስ ነኝ። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ የገባ አንዲት እናት ነበሩ። ሞርፊኑን በፓምፕ ልጀምርላቸው ስል የበኩር ልጃቸው ፊቴ ቆመ። «ሲስተር፣ ይሄ ያ አዲሱ ሕግ ነው አይደል? እናቴን በመርፌ አትገድሉብኝም!» እናትየው ያን ሌሊት ሲያቃስቱ አደሩ።

ልጁን አልወቅሰውም። «አዲሱ ሕግ» ያለው በሐኪም የታገዘ ሞትን የሚፈቅደውን ነው፤ ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 ስትፈቅድ አልመከረችም ብሎ የሚያማት የለም። የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ከ1,000 በላይ የጽሑፍ አስተያየት ተቀብሏል፤ በብራያን ኦውለር የሚመራ የባለሙያዎች ቡድን ዝርዝሩን አበጥሯል፤ ፓርላማው ሌሊቱን ሙሉ ተከራክሯል፤ ሕጉም ሥራ ላይ የዋለው ከአንድ ዓመት ተኩል ዝግጅት በኋላ በ2019 ነው። የክርክሩ ጉልበት ያለቀው ግን ማን ይጠቀምበት፣ ማን ይከልከል በሚለው ላይ ነው። ሊጠቀምበት ፈጽሞ የማያስብ ሰው፣ ከሕጉ በኋላ ሆስፒታል ሲገባ ምን ይፈራል? ይህ ጎልቶ ሲጠየቅ አልሰማሁም። እኔ የምውለው ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው።

ስለ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እኔም ሰለቸኝ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ መድኃኒቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ከቆዳ ሥር ያስገባል። የምናስገባው ሕመምተኛው ክኒን መዋጥ ሲያቅተው ነው፤ መዋጥ የሚያቅተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ቤተሰብ የሚያየው ግን ቅደም ተከተሉን ነው፦ ሰኞ ፓምፑ ገባ፣ ሐሙስ ሰውየው አረፈ። ለቀስተኛው ይህንኑ ይዞ ይሄዳል። በሚቀጥለው ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። በሕመሙ ልክ ተመጥኖ የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም ብል ማን ሰምቶኝ!

ሕጉ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ይህን ፍርሃት አይፈራም። የሚጠይቀው ሕመምተኛው ራሱ ብቻ ነው፤ ልጅም፣ ሚስትም፣ የንስሐ አባትም ስለ እሱ አይጠይቁም። ሦስት ጊዜ መጠየቅ አለበት፤ አንዱን በጽሑፍ፣ በ2 ምስክሮች ፊት። 2 ሐኪሞች ለየብቻ ይመረምሩታል። አስተርጓሚ ካስፈለገም ዘመድ አይሆንም። መድኃኒቱ በተቆለፈ ሳጥን ይመጣል፤ አቅም ካለው ራሱ ይጠጣዋል። በእኛ በሐበሾች ቤት ደግሞ ሕመምተኛው የበሽታውን ስም የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ከሰማ። ስሙን እንኳ የሸሸግነው ሰው ሦስት ጊዜ ካልጠየቀ አይሆንም የሚል ሕግ ነው እንግዲህ የምንፈራው።

የሚፈራው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። የአውስትራሊያው ኖርዘርን ቴሪቶሪ በ1995 እንዲህ ያለ ሕግ ሲያወጣ፣ ከነባር ሕዝቦች መካከል ክሊኒክ መሄድ የሚፈሩ እንዳሉ ለፌዴራሉ ፓርላማ ተነግሮ ነበር። ፓርላማው ሕጉን በ1997 ሻረው። እስከዚያ ድረስ በሕጉ ተጠቅመው የሞቱት 4 ሰዎች ናቸው። የተጠቃሚው ቁጥር በጣት የሚቆጠር ሆኖ ሳለ የፈራው ሕዝብ ስንት እንደነበር አስቡት።

ይባስ ብሎ የቪክቶሪያ ሕግ ሲወጣ፣ ሕመምተኛው ራሱ ካልጠየቀ በቀር ባለሙያ ጉዳዩን እንዳያነሣ ከልክሎ ነበር። ሐሳቡ ማንም እንዳይገፋፋ ነው፤ በጎ ሐሳብ ነው። በተግባር ግን ምን ሆነ? ባልደረቦቼ ስለ ሕጉ የሚናገሩት ሁሉ የሚያስጠይቃቸው መሰላቸው። ልጅ በቁጣ «ይሄ እሱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የጠየቀው ሕመምተኛው ስላልሆነ ይሸሻሉ። የነርሷ ዝምታ ለጠርጣሪ ልጅ ማረጋገጫ ነው።

ሌላ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ሊያወጣ ሲመክር ብጠራ ስለ ደጋፊና ተቃዋሚ የምጨምረው ነገር የለኝም። ሕዝቡ አስተያየት በሚሰጥበት መጠይቅ ላይ ግን አንድ ገጽ እንዲጨመር እለምናለሁ፦ ይህን ሕግ የማትፈልጉት ሰዎች፣ ከጸደቀ የትኛውን መድኃኒት እምቢ ትላላችሁ? መልሱን የሚሰበስበው ሰው ደግሞ ወረቀት ብቻ ይዞ እንዳይመጣ። ፓምፑን ከነባትሪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠውና፣ የፈለገ ሰው አንሥቶ፣ ከፍቶ፣ አገላብጦ ይየው።