«ፋይናል 2» ያበጣጠሰው ዕቅድ፦ ሊንክ የሆኑ የሥራ መርሐ ግብሮች ለምን ይከዱናል?

ሕንፃ ሳይት ላይ ፕላኒንግ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን ሰሞኑን ያወራንን ይዘን መጥተናል። የስትራክቸር ቡድኑ የሊፍት ሻፍቱን የማስረከቢያ ቀን በ12 ቀን ገፋው፤ የራሱ ፋይል ላይም አስተካከለ። የኤሌክትሮ መካኒካል ቡድኑ ፋይል ላይ ግን ቀኑ የድሮው ነው። በዚያው በድሮው ቀን የሊፍት ገጣሚዎቹ ዕቃቸውን ይዘው ከች አሉ። ሻፍቱ ውስጥ ፎርምወርኩ ገና አልተነቀለም። ሰዎቹ ቁጭ ብለው ተከፈላቸው፣ ጥፋቱ ደግሞ ፕላኒንግ ላይ ተላከከ።

«ሁለቱ ፋይሎች እኮ ሊንክ ናቸው!» ይላል ወዳጃችን። እውነቱን ነው፣ ነበሩ። ግን የስትራክቸሩ ልጅ ፋይሉን በቴሌግራም አስልኮ ቤቱ ሠራበትና «ፋይናል 2» ብሎ መለሰው። ሊንኩ የሚያውቀው ግን «ፋይናል 2»ን ሳይሆን የድሮውን ፋይል ነው።

እስቲ ከሥሩ እንየው። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ላይ ትልቅ ሥራ ብዙ ጊዜ ለየቡድኑ በተለያየ ፋይል ይያዛል። ፋይሎቹን ማገናኛ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ ሁሉንም አንድ እናት ፋይል ውስጥ ማስገባት ነው። ሌላው ደግሞ የአንዱን ፋይል ሥራ ከሌላው ፋይል ሥራ ጋር ማሰር ነው፤ «ሻፍቱ ሳይረከብ የሊፍት ገጠማ አይጀመርም» እንደማለት። ይሄኛው ሲታሰር በሁለቱም ፋይል ላይ የሌላው ሥራ በግራጫ ቀለም ብቅ ይላል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ የሚይዘው የፋይሉን አድራሻ ነው፦ የትኛው ድራይቭ፣ የትኛው ፎልደር፣ ማን የሚባል ፋይል። ጓደኛችሁ ሲም ካርድ ቢቀይር ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር ራሱን በራሱ አይቀየርም አይደል? እንደዚያ ነው። ፋይሉን ስም ከቀየራችሁት፣ ፎልደር ካዛወራችሁት ወይም በላዩ ላይ ሌላ ፋይል ከጫናችሁበት ሊንኩ ወይ ይበጠሳል፣ ወይ ደግሞ (ይሄኛው ይብሳል) ዝም ብሎ አሮጌውን ቀን ያሳያል። ዋንድራይቭም ብዙ አያድንም፤ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ የፎልደሩ አድራሻ ውስጥ የባለቤቱ የተጠቃሚ ስም ስለሚገባ፣ የአንዱ አድራሻ ለሌላው አይሠራም።

ሌላው ጣጣ የሰው ብዛት ነው። የኤምፒፒ ፋይል እንደ ጉግል ሺትስ አራት ሰው አንዴ የሚጽፍበት አይደለም። ሰርቨር ላይ ቀድሞ የከፈተው ይጽፋል፣ ተከትሎ የመጣው ማንበብ ብቻ ይፈቀድለታል። ታዲያ ሁለተኛው ሰው ምን ያደርጋል? የቸኮለ ሰው ነውና «ሴቭ አዝ» ብሎ በሌላ ስም ያስቀምጣል። በቃ፣ ሁለት እውነት ተወለደ።

ነገሩ የቢሮ ንትርክ ብቻ ቢሆን ባልጻፍንበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊዲክ የግንባታ ውል፣ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ሊጠይቅ ካሰበ ምክንያቱን ባወቀ ወይም ማወቅ በነበረበት በ28 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ካለፈ ጥያቄው ይወድቃል። «ማወቅ በነበረበት» የምትለዋን አስተውሉልን። «ፋይሌ ላይ አልታየም ነበር» ብሎ ማምለጥ ይከብዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ፣ ሰርቨር ላይ አንድ ፎልደር ይኑር፤ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት አድራሻ ይግባበት። አንዱ ጋ ዜድ ድራይቭ፣ ሌላው ጋ ዋይ ድራይቭ መሆን የለበትም። የፋይሉ ስም ሥራው እስኪያልቅ አይነካም፤ ቀንና «ፋይናል» የሚባል ነገር ስሙ ውስጥ አይገባም። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤት ይኑረው፣ ሌላው ለውጥ ከፈለገ ለባለቤቱ ይንገር። ባክአፕ ስትይዙ ሁሉም ፋይል ተዘግቶ ፎልደሩን እንዳለ ዚፕ አድርጉት። ፋይሎቹ ክፍት ሆነው «ሴቭ አዝ» ካላችሁ ሊንኩ አዲሱን ስም ተከትሎ ሊሄድ ይችላል።

ፋይሉን ስትከፍቱ ስለ ሊንኮች ለውጥ የሚጠይቅ መስኮት ከመጣ ደግሞ ሳታነቡ አትጫኑ። ምን እንደተቀየረ እዚያው ተጽፏል። ብዙ ሰው እንደ ማስታወቂያ ዘግቶት ያልፋል።

ለሳምንታዊ ሪፖርት እናት ፋይሉን ሌላ ቦታ መገልበጥ አያስፈልግም። አዲስ ፋይል ከፍታችሁ የቡድኖቹን ፋይል ስታስገቡ «ሊንክ ቱ ፕሮጀክት» የሚለውን ምልክት አንሱት። የዕለቱ ቅጂ ብቻ ይሆናል፣ ዋናውን አይነካም።

ቴሌግራም ላይስ? ለአለቃም ለንዑስ ተቋራጭም ፒዲኤፍ ላኩ፤ ስልክ ላይም በቀላሉ ይከፈታል። ወዳጃችን አሁን የግሩፑ ፒን ላይ የሰቀለው አንድ መስመር ነው፦ «ኤምፒፒ እዚህ አይላክም፣ ፎልደሩ ውስጥ አለ።» በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰው ልኮ ነበር፣ ሦስቱንም አጠፋው።