«ተንሸራታች» ወይስ «ተጓዥ»? ስለ አንድ የገበያ ስያሜ

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ በጥቂት ባለሙያዎች መካከል ብቻ ይነገሩ የነበሩ ቃላት ወደ ሕዝቡ ወርደዋል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአማኑኤል ከተማ አንድ አዛውንት የእህል ነጋዴ ስለ አክሲዮናቸው የተጻፈ ማብራሪያ አሳይተውኝ ነበር። ዋጋው «ከረጅም ጊዜ ተንሸራታች አማካዩ በላይ ነው» ይላል። እሳቸው የተረዱት ግን ዋጋው መንሸራተት መጀመሩን ነው፤ አክሲዮኑን ሊሸጡም ቆርጠው ነበር። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ በጎጃም ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ሽቅብ የወጣ ሰው የለምና።

ፅንሰ-ሐሳቡ ቀላል ነው። የአንድ አክሲዮን ዋጋ በአምስት ቀን 100፣ 102፣ 101፣ 105 እና 107 ብር ቢሆን አማካዩ 103 ነው። በስድስተኛው ቀን 110 ቢገባ የመጀመሪያው 100 ይወጣል፤ አማካዩም 105 ይሆናል። እንዲህ አንዱ እየገባ ሌላው እየወጣ ይቀጥላል። ለረጅም ጊዜ ንባብ የተለመደው 200 የግብይት ቀን ነው።

«አማካኝ» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ግሡ «አማከለ» ነው፤ ከ«ገደለ» «ገዳይ»፣ ከ«ከፈለ» «ከፋይ» እንደሚወጣ ሁሉ ከዚህም «አማካይ» ይወጣል። «ኝ» የሚመጣው እንደ «ለመነ፣ ለማኝ» ግሡ በ«ነ» ሲጨርስ ነው።

ክርክሩ የሚበረታው በቅጽሉ ላይ ነው። «ተንቀሳቃሽ» በሕግ ቋንቋ የንብረት ዓይነት ሆኗል። «ተንከባላይ» ደግሞ ዕዳን ያስታውሳል፤ የተንከባለለ ዕዳ የቆየውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ ይህ አማካይ ግን የቆየውን ይጥላል። እኔ «ተጓዥ አማካይ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ መንገደኛ ሽቅብም ቁልቁልም ይሄዳልና።

ለአዛውንቱ ነገሩን ያስረዳኋቸው በጤፍ ነው። ጤፍ በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ይረክሳል፣ በክረምት ይወደዳል፤ ስለዚህ የነሐሴን ዋጋ ከጥር ጋር ያነጻጸረ ሰው ሁልጊዜ ውድነት መጣ ይላል። የአሥራ ሁለት ወር ተጓዥ አማካይ ግን እያንዳንዱን ወር አንድ ጊዜ ስለሚይዝ ወቅቱ ይጣፋል፤ የሚቀረው አዝማሚያው ነው። «አዝማሚያ» ከ«ዘመመ» የመጣ ግሩም ቃል ነው፤ የዘመመ ቤት ገና አልወደቀም፣ ላይወድቅም ይችላል። አማካዩ ያለፈውን ዋጋ ስለሚይዝ ዘወትር ከገበያው ኋላ ይደርሳል፤ ትንቢት አይደለም።

የ50 ቀኑ አማካይ የ200 ቀኑን ወደ ላይ ሲያቋርጥ የውጭ ነጋዴዎች «የወርቅ መስቀል»፣ ወደ ታች ሲያቋርጥ «የሞት መስቀል» ይሉታል። ይህን ቃል በቃል መመለስ አይገባም። በእኛ ዘንድ መስቀል ሌላ ክብደት አለው፤ ከዚህም በላይ ስሙ ራሱ ያስደነግጣል። «የላይ መሻገር» እና «የታች መሻገር» ይበቃሉ።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። አዲስ የተመዘገበ አክሲዮን 200 የግብይት ቀን እስኪሞላው ድረስ ይህ መስመር የለውም። ሻጭና ገዢ ለብዙ ቀን ካልተገናኙም የመጨረሻው ዋጋ እየተደገመ አማካዩን ያጸናዋል፤ መስመሩ ቀጥ ያለው ዋጋው ስለረጋ ይመስላል። ለዚህ አዲስ ስያሜ መፍጠር አያሻም፤ ነጋዴው ራሱ «ገበያው ቀዝቅዟል» ይላል።