ሚጥሚጣ በብርጭቆ አፍ ላይ

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለሰው ነው። በአትላንታና በአካባቢዋ መጠጥ ቤቶች ግን ጨው ራሱ ከወጥ ወጥቶ በብርጭቆ አፍ ላይ ጉብ ብሏል። ማርጋሪታ ያዘዘ ሰው መጠጡን ከመቅመሱ በፊት ከንፈሩ የሚያገኘው ጨውን ነው።

ነገሩ ጌጥ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ጌጥ የሚተዳደሩ ወገኖች አሉ። ከአትላንታ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በኮብ ካውንቲ የምትገኘውን ስማይርናን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአትላንታ ብሬቭስ የቤዝቦል ስታዲየም በአቅራቢያዋ ከተከፈተ ወዲህ በአካባቢው ምግብና መጠጥ ቤት በዝቷል። በእንዲህ ያለው ቤት ለሚሠራ አስተናጋጅ ወይም ባርማን የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1991 ጀምሮ ፈቅ ሳይል 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ቲፕ ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ ልዩነቱን አሠሪው የመሙላት ግዴታ አለበት፤ ይህን መብቱን የማያውቅ ሠራተኛ ይወቀው። እንጀራው የተንጠለጠለው ግን በቲፕ ላይ ነውና፣ ብርጭቆው አምሮ መቅረቡ ለእርሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከየት መጣ?

የብርጭቆን አፍ ማልበስ የተጀመረው በጨው ሳይሆን በስኳር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኒው ኦርሊንስ መጠጥ ቤት የነበረው ጆሴፍ ሳንቲኒ «ክረስታ» የተባለውን የብራንዲ መጠጥ እንደ ፈጠረ ይነገራል። የብርጭቆው ጠርዝ በሎሚ ረጥቦ ስኳር ይለብስ ነበር። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1862 በታተመው የጄሪ ቶማስ የመጠጥ አዘገጃጀት መጽሐፍ ውስጥ ሰፍሯል። ማርጋሪታ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ እኔ ፈጠርሁት የሚለው ሰው ብዙ ስለሆነ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ግን «ኤስኳየር» መጽሔት አውጥቶት ነበር።

ጨው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቂት ጨው የመረረውን ያለዝባል፤ ጣፋጩንና ሎሚውንም ያጎላል። በኢትዮጵያ አንዳንድ አካባቢዎች ቡና በጨው የሚጠጣው ይኸው ብልሃት ቢታወቅ ነው።

ሜክሲኮዎች ደግሞ በርበሬ፣ ሎሚና ጨው ቀላቅለው የራሳቸውን ጣዕም ከብርጭቆው አፍ ላይ አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው «ታሂን» ዛሬ በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። የእኛ ሚጥሚጣስ? ደቃቁ ፍሬ፣ ኮረሪማውና ጨው አብረው ተወቅጠው በየጓዳው ተቀምጠዋል። የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ማርጋሪታ ሲሸጥ የሌላውን አገር ቅመም ገዝቶ የሚያለብስ ከሆነ ደጁ ላይ ያለውን ወርቅ ረግጦ አልፏል ማለት ነው።

«በርበሬና መጠጥ ምን አገናኛቸው?» የሚል ይኖራል። አዋዜን ያስታውስ። በርበሬን በጠጅ ወይም በአረቄ ማሸት እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ጨውም ቢሆን ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመል እየተጫነ ሲወጣ የኖረ፣ አሞሌው በገንዘብ ፋንታ ሲያገለግል የነበረ ክቡር ነገር ነው።

አሠራሩ

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሻካራ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ በዝርግ ሳህን ላይ ይደባለቃል። ሚጥሚጣው ራሱ ጨው ስላለበት አስቀድሞ ይቀመስ፤ ጨው ከበዛበት የሳህኑ ጨው ይቀነስ። ደቃቅ የገበታ ጨው ቶሎ ሟሙቶ አፍ ስለሚያጨማድድ ሻካራው ይመረጣል።

ብርጭቆው ደረቅ መሆን አለበት። የተቆረጠ ሎሚ በጠርዙ ላይ ይዞርበታል፤ ወለላ ማር ከተቀባ ደግሞ ቅመሙ ይበልጥ ይይዛል። ከዚያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ የጠርዙን ውጪ ብቻ በቅመሙ ላይ ማንከባለል ነው። ብዙዎች ብርጭቆውን ደፍተው ይነክሩታል፤ ያን ጊዜ ቅመሙ ከውስጥ በኩል ይይዝና መጠጡ ውስጥ እየረገፈ ያበላሸዋል። ከተንከባለለ በኋላ ቀስ ብሎ መታ መታ አድርጎ ትርፉን ማራገፍና ለጥቂት ደቂቃ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ዋናው ምክር ግማሹን ጠርዝ ብቻ ማልበስ ነው። እንግዳው የፈለገ እንደሆነ በቅመሙ በኩል፣ ያልፈለገ በባዶው በኩል ይጠጣል። ጉርሻ እንኳ በፍቅር የሚሰጥ እንጂ በግድ የሚከተት አይደለም። አልኮል የሚጥሚጣን ማቃጠል ያብሰዋልና፣ ለማያውቀው እንግዳ አስቀድሞ መንገር የባለሙያ ወግ ነው።

ጠጅ ለማቅረብ የሚፈልግ ብርሌውን ይተወው፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመችም። አፈ ሰፊ ብርጭቆ ይዞ፣ ጠርዙን ማር ቀብቶ፣ ኮረሪማ የበዛበት ስኳር ማልበስ ይሻላል። መጠጥ ለማይቀምሰውም ይህ ጣዕም አይቀርበትም። የማንጎ ጭማቂ በሚጥሚጣ ጠርዝ ቢቀርብለት ከሌሎቹ እኩል ያምራል።

ጥንቃቄ

የጨው ነገር ሲነሳ ደም ግፊት አብሮ ይነሳል። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በአንድ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ቢጣበቅና እንግዳው ሦስት ብርጭቆ ቢደግም፣ ከቀኑ መጠን ግማሹን አልፏል ማለት ነው፤ ወጡና ጥብሱ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ግፊት ያለበት ሰው «ያለ ጨው» ብሎ ቢያዝ ሊያፍር አይገባም። ባርማኑም ሳይከፋው ይታዘዝ።

ሌላው ንጽሕና ነው። ሎሚ የነካው ቅመም ይረጥባል፣ ይጓጉላል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየተዘጋጀ የተረፈው መደፋት እንጂ ወደ ዕቃው መመለስ የለበትም። ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ከሆነ ለእንግዳው ይነገረው፤ ሰውነታቸው የማይቀበለው ሰዎች አሉና። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ በታሸገ ምግብ ላይ የሰሊጥ መኖር በግልጽ እንዲጻፍ የታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም ጣፋጭና ቅመም ያለው መጠጥ ጥንካሬውን ይደብቃል። የማርታ ባቡር ኮብ ካውንቲ አይደርስም፤ ወደ ስማይርና የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ መንገዱ በ285 ነው። በጆርጂያ በደም ውስጥ 0.08 ከመቶ አልኮል ይዞ ማሽከርከር ያስከስሳል። ቁልፉን ለጓደኛ መስጠት ወይም ታክሲ መጥራት ከፍርድ ቤት ደጅ ያድናል።

እንግዲህ ባለ ምግብ ቤቶች ሚጥሚጣውን ከጓዳ ያውጡት። ባርማኖችም የሌላውን ሙያ ተምረው ሲያበቁ የራሳቸውን ይጨምሩበት። በመጠኑ ከቀረበ እንግዳው ስሙን ይጠይቃል፤ ስሙን የጠየቀ ደግሞ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።